ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ጽሑፍ

እህቶቼ፣ ወንድሞችም የምታነቡ ካላችሁ፣ ዛሬ ስለ በረኪና ነው የምጽፍላችሁ። አትሳቁ፣ ቁም ነገር አለው።

የምሠራው እዚሁ ቡር ዱባይ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ማዳሜ ሕንዳዊት ናት። ሥራዋ የማጽጃና የሳሙና ፋብሪካዎችን የምዝገባ ወረቀት ማስጨረስ ነው። ሻርጃና አጅማን ካሉ ፋብሪካዎች ናሙና ይላክላታል። የምግብ ጠረጴዛው ጠርሙስ በጠርሙስ ይሆንና ምሳ የማቀርብበት ቦታ አጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን “ለአንድ የሽንት ቤት ማጽጃ ይሄ ሁሉ ወረቀት!” እል ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አልልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጣሁበት ዓመት ሌላ ቤት ነበርኩ። አንድ ቀን ሀማሙን በደንብ ላጽዳ ብዬ በረኪና አፈሰስኩ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ሌላ ፈሳሽ ጨመርኩ። ሁለተኛው የነበረው በውሃ ሃይላንድ ውስጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። አሲድ ኖሯል። በሩ ዝግ ነበር። ጉሮሮዬን አነቀኝ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፣ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። ሳምንት ሙሉ አሳለኝ፣ የቤቱ ሰዎች “ጉንፋን ነው” አሉ። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ያነቀኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ መሆኑን የነገረችኝ የአሁኗ ማዳሜ ናት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ይለቃል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ የምንቆጥረው እሱን ስለሆነ።) በኤፕሪል 22 ቀን 1915 ቤልጅየም ውስጥ፣ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የጀርመን ጦር በጠላቶቹ ምሽግ ላይ የለቀቀው ይሄንኑ ጋዝ ነው። ጣሊያን በ1935 እና በ1936 በአባቶቻችን ላይ ያዘነበው ሌላው መርዝ፣ ይፐሪት፣ ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። በረኪና የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ እነሱ ቫረኪና ይሉታል። እንግዲህ በጦር ሜዳ ሰው የጨረሰውን ጋዝ ሳላውቅ ሀማም ውስጥ ሠርቼ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያ ሃይላንድ ላይ አንድ ቃል ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ?

ይህች አንዲት ቃል ጠርሙስ ላይ እንድትጻፍ ስንት ሰው እንዳለቀ ብታውቁ!

ከክብሪት ልጀምር። በ1888 ለንደን ውስጥ ወደ 1,400 የሚሆኑ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው ወጡ። ብዙዎቹ ከኛ በዕድሜ ያንሱ ነበር። ነገሩን ያስነሳው የአንዷ ሠራተኛ መባረር ነው፣ በዚያ ላይ ከደመወዝ የሚቆረጥ ቅጣት ነበር (ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ)። ክብሪቱ የሚሠራው በነጭ ፎስፈረስ ነው። ጢሱ በተበላሸ ጥርስ ይገባና የመንጋጋ አጥንት ያበሰብሳል። ሴቶቹ ደግሞ ምሳቸውን እዚያው የሚሠሩበት ቦታ ላይ ነበር የሚበሉት። ሐኪሞች በሽታውን ካወቁት ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ሆኖም አገሮች ተስማምተው ነጭ ፎስፈረስን ከክብሪት ለማገድ የፈረሙት በ1906 ነው፣ ስዊዘርላንድ በርን ከተማ። ያኔም የፈረሙት ጥቂቶች ናቸው።

ትልቁ ግን የቦፓል ነው። ማዳሜ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ሌላ ከተማ ነው ያደገችው፣ ግን ስታወራው ድምፅዋ ይለወጣል። በ1984 ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ የአሜሪካኖች ከሆነው የዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ሜቲል አይሶሳይኔት የሚባል ጋዝ አመለጠ። በአጠገቡ የነበረው የድሃ ሰፈር ነው። ሰው ከእንቅልፉ እያሳለ ተነስቶ ሮጠ፣ የሮጠ ደግሞ ይበልጥ ሳበው። ሺዎች ሞቱ፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲሞቱ ኖሩ። እኔን ያስለቀሰኝ የሐኪሞቹ ነገር ነው። ሆስፒታሉ በሰው ተጥለቅልቆ፣ ሐኪሞቹ ጋዙ ምን እንደሆነ፣ ምን ሰጥተው እንደሚያድኑ አያውቁም ነበር። እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ማድረግ እንኳ በመጠኑ ይረዳ ነበር፣ ግን ማን ነግሯቸው?

ከዚያ ወዲህ ነው “በውስጡ ያለውን ተናገር” የሚለው ነገር የጠነከረው። አሜሪካ በ1986 ሕዝብ በሰፈሩ ፋብሪካ ምን እንደተከማቸ የማወቅ መብት አለው የሚል ሕግ አወጣች። በ1992 ሪዮ ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ዓለም ሁሉ በአንድ ዓይነት ምልክት ይጠቀም ተባለ፣ መመሪያውም በ2003 ታተመ። ጠርሙስ ላይ የምታዩት፣ በጫፉ የቆመው ባለ ቀይ ጠርዝ ካሬ ከዚያ የመጣ ነው። ዘጠኝ ዓይነት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጭምር የተሠራ ስለሆነ ይሄን ነገር እወደዋለሁ።

አውሮፓ ደግሞ የባሰ ጠበቀ። ከ1981 በፊት ገበያ ላይ የነበሩ ከ100 ሺህ በላይ ኬሚካሎች “ድሮም ነበሩ” ተብለው ሳይመረመሩ ይሸጡ ነበር። በጁን 1 ቀን 2007 በጀመረው ሕግ ነገሩ ተገለበጠ። በዓመት ከአንድ ቶን ጀምሮ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ሁሉ ኬሚካሉ ምን እንደሚያደርግ ራሱ አጥንቶ ያስመዝግብ፣ መረጃ ከሌለ ገበያ የለም ተባለ። ትንንሾቹ ፋብሪካዎች ደነገጡ፣ ምርመራው ውድ ነዋ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኬሚካል ያላቸው መረጃውንም ወጪውንም እንዲጋሩ ተደረገ፣ ልክ እንደ ዕቁብ። እስከ 2018 ድረስ ጊዜ ተሰጣቸውና ከ21 ሺህ በላይ ኬሚካሎች ተመዘገቡ። ከአውሮፓ ውጭ ያለ ፋብሪካ በራሱ መመዝገብ አይችልም፣ ወይ ገዢው ያስመዘግብለታል፣ ወይ እዚያ የሚኖር ተጠሪ ይሾማል። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ። ኬሚካልም ከፊል ያስፈልገዋል ለካ!

ወደ ዱባይ ስንመጣ፣ ማጽጃም ሆነ ፀረ ጀርም እዚህ ከመሸጡ በፊት በማዘጋጃ ቤቱ “ሙንተጂ” በሚባለው የኢንተርኔት አሠራር ይመዘገባል፣ “ምርቴ” ማለት ነው። የማዳሜ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው በውስጡ ያለውን በመቶኛ ይጽፋል። እያንዳንዱ ኬሚካል እንደኛ መታወቂያ የራሱ ቁጥር አለው፣ የበረኪናው 7681-52-9 ነው። 16 ክፍል ያለው የደኅንነት ወረቀት አለ፣ ሰው ቢጠጣው፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ እዚያ ላይ ነው ያለው። አንዳንዱ ባለፋብሪካ “ጀርም ሁሉ ይገድላል” ብሎ ይልካል፣ ማስረጃው የታል ብላ ትመልሰዋለች። ሲነጫነጩ በስልክ እሰማለሁ። ሲጨቃጨቁ እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ በልቤ ግን አትልቀቂያቸው እላታለሁ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚሠራው ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ወደ ሃይላንድ የተገለበጠ ቀን ከለንደን ጀምሮ የተለፋው ሁሉ ቀረ። ጽሑፉም ዓረብኛና እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ የለበትም። ዓረብኛ የምንሰማ እንጂ የምናነብ ጥቂት ነን። ስለዚህ በጆሮ የምታውቁትን በዓይን ልመዱት፣ “ኸጠር” የሚለው ከ“ተሕዚር” የከፋ ነው። የራስ ቅል ካለበት መርዝ ነው፣ እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለበት ሥጋ ይበላል።

ጨርሶ ያልተመዘገበው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ቤድ ስፔስ የምትኖሩ፣ በተለይ ሻርጃና አጅማን፣ ስሙኝ። ለትኋን እየተባለ በእጅ የሚሸጥ፣ ክኒን የሚመስል መርዝ አለ፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ፈቃድ ያለው ድርጅት ካልሆነ በቀር ማንም እንዲጠቀምበት አይፈቀድም። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይሆናል፣ በበር ሥርና በአየር ማስገቢያው ወደ ጎረቤት ያልፋል። እዚህ አገር ልጆች ጎረቤት በነፋው በዚህ መርዝ ሞተው በጋዜጣ ወጥቷል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሸቷችሁ ማቅለሽለሽና ራስ ማዞር ከመጣ፣ ሻንጣችሁን ሳትሰበስቡ ውጡ፣ ጎረቤት አንኳኩ፣ 998 ደውሉ። ሽታ የለም ብላችሁም አትተማመኑ፣ ሁልጊዜ አይሸትም። ለሐኪሙ “ቤት ውስጥ የትኋን መድኃኒት ተደርጓል” በሉት፣ አለዚያ የሆድ ሕመም ነው ብሎ ይመልሳችኋል።

እኔ አሁን የቤቱን ጠርሙሶች ሁሉ በማርከር በአማርኛ ጽፌባቸዋለሁ፣ “በረኪና፣ ከምንም አይቀላቀልም”፣ “አሲድ፣ ጓንት” እያልኩ። ማዳሜ አይታ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በማግስቱ ከቢሮዋ የሚለጠፍ ወረቀት አንድ ጥቅል አመጣችልኝ። እኔ ከምፈልገው በላይ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ይዤው እመጣለሁ፣ ማርከር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።