ታቦቱ ከተመለሰ በኋላ

ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚሻገር ሰው አስቀድሞ የሚነገረው አንድ ትውፊት አለ። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ሐይቁ መሐል ባለው ተራራ ላይ ሸሸጓት፤ አገር ሰላም ሲሆን መልሰው ወሰዷት። ደሴቱ ደብረ ጽዮን የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ። ጎብኚው ይህን ይሰማል፣ ገዳሙን ይሳለማል፣ የብራና መጻሕፍቱን አይቶ ይደነቃል፣ ከዚያ ፎቶውን አንስቶ በመጣበት ጀልባ ወደ ባቱ ከተማ ይመለሳል።

መልካም። ታቦቷ ተመለሰች እንበል። እዚያው የቀሩት ሰዎችስ?

የቀሩት ዛዮች ናቸው። ዛይኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ዘመዶቹም ስልጥኛ፣ ወላንኛ፣ እንዲያም ሲል ያን ያህል ርቆ የሚነገረው ሐረሪኛ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግራኝ አሕመድ ጦርነትና እሱን ከተከተለው የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ የሐይቁ ዙሪያ ሌላ መልክ ያዘ። ደሴቶቹ ላይ ግን ቋንቋውም ክርስትናውም ቆየ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር እዚያ ሲደርስ ማኅበረሰቡን በቦታው አገኘው።

ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቃቸው ቢባል፣ ሁላችንም ቶሎ ብለን «ውሃው» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ውሃ ጦር ይከለክላል እንጂ ራት አይሆንም። ዛዮች የተራራውን ጎን እርከን እየሠሩ አርሰዋል፤ ይሁን እንጂ የደሴት መሬት ስንት አፍ ይመግባል? ዓሣ አጠመዱ፣ ሸማ ሠሩ፣ በታንኳ ተሻግረው ዳር ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተገበያዩ። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የአርሲ ኦሮሞዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሙስሊሞች። ደብረ ጽዮን የሚገኝበት ደሴት ሌላ ስሙ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። አንድ ደሴት ሁለት ስም አለው፦ አንዱ ከመቅደስ የወጣ፣ ሌላው ከዳር ሆኖ ከሚያይ ጎረቤት አፍ። እኛ በታሪክ መጽሐፋችን የምንወደው የመጀመሪያውን ነው። ደሴተኞቹን ያኖራቸው ግን ሁለቱም ነው።

ዛሬ ብዙ ዛዮች ዳር ወጥተዋል። ለምን ብሎ መፍረድ አይቻልም። መሬቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ገበያው ያለው እዚያ ነው። የታመመ ልጅ ታቅፎ በማዕበል ጀልባ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናት ታውቀዋለች። ችግሩ ሌላ ነው። ዳር የሚያድገው ልጅ ትምህርቱም ጨዋታውም ኦሮምኛና አማርኛ ነው፤ ዛይኛው የአያት ቋንቋ ሆኖ ሊቀር ነው። የተናጋሪው ቁጥር ደግሞ ድሮም ከጥቂት ሺህ ያለፈ አልነበረም።

ብራና ሲያረጅ ይገለበጣል፤ ታቦትም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሸሻል። ቋንቋ ግን ከሕፃን አፍ በቀር መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ ደሴቱን ለማየት የምትሄዱ ሁሉ ገዳሙን ተሳለሙ፣ ቄሱንም ስለ ታቦቷ ጠይቁ። ስትወጡ ደግሞ መረብ የሚጠግኑትን ሽማግሌ ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ታንኳው ስም በዛይኛ ጠይቋቸው። አጠገባቸው የቆመ ልጅ ካለ እሱም ይስማ። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ የጠየቀውን ቃል ልጅ እንዲሁ አይንቀውም።