የተዋሱት ላብ፦ ድሩይዶች፣ ላኮታዎችና የጋለው ድንጋይ

በብሪታንያ ገጠሮች ራሳቸውን ድሩይድ ብለው የሚጠሩ ሰዎች በየጊዜው ለሱባኤ ይሰበሰባሉ። ከተማውን ጥለው ጫካ ዳር ይሰፍራሉ፤ እሳት ከበው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። በአንዳንዱ ሱባኤ ደግሞ ከታጠፈ ዘንግ የተሠራች፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነች ዝቅተኛ ጎጆ ትተከላለች። ውጭ በእሳት የጋለ ድንጋይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ ይፈስበታል፤ ሰዎቹም በጨለማ ተጠጋግተው እያላባቸው ይጸልያሉ። ወሸባ ገብቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በእንፋሎቱ አይገረምም። የሚያስገርመው የጎጆዋ የትውልድ ሐረግ ነው።

ድሩይዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ እንዲሁም በብሪታንያና በአየርላንድ የኬልት ሕዝቦች ካህናት፣ ዳኞችና መምህራን ነበሩ። ዩልየስ ቄሳር እንደጻፈው አንዳንድ ተማሪ እስከ 20 ዓመት ይማር ነበር፤ ትምህርቱም በቃል እንጂ በጽሑፍ አይተላለፍም ነበር። በቃል የተያዘ እውቀት አዋቂው ሲገደል አብሮ ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ60 ገደማ የሮማው ገዥ ስዌቶኒየስ ፓውሊኑስ በዌልስ ጠረፍ ወደምትገኘው ሞና ደሴት ተሻግሮ ድሩይዶቹን ወጋ፤ የተቀደሱ ዛፎቻቸውም ተቆረጡ። ዛሬ ስለ ጥንቶቹ ድሩይዶች ከሚታወቀው አብዛኛው የተጻፈው በጠላቶቻቸው እጅ ነው።

ይህን ባዶ ቦታ ብዙዎች ሊሞሉት ሞክረዋል። ኢዮሎ ሞርጋንውግ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ዌልሳዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1792 ለንደን በሚገኝ ኮረብታ ላይ “የጥንት” ያለውን የባለቅኔዎችና የድሩይዶች ሥርዓት አካሄደ። ሥርዓቱ ግን የራሱ ፈጠራ እንደነበር፣ ብዙ ሰነዶችንም ራሱ ጽፎ የጥንት እንዳስመሰላቸው በኋላ ተመራማሪዎች አረጋገጡ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዳዲስ የድሩይድ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ከእነዚህም የታወቀውን ሮስ ኒኮልስ በ1964 መሠረተው። አማኞቹ ቅንነት አላጡም። ያጡት ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሥርዓት ነው። ያን ለማሟላት ከሩቅ ካመጧቸው ነገሮች አንዷ የላብ ጎጆዋ ናት።

ጎጆዋ የመጣችው ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። ብዙዎቹ የየራሳቸው የላብ ሥርዓት አላቸው፤ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ግን የላኮታዎች “ኢኒፒ” ነው። ማገሩ የአኻያ ዘንግ ነው፤ ድንጋዩ፣ ውሃው፣ የበሩ አቅጣጫ ሁሉ ትርጉም አለው። መሪው ከሽማግሌዎች ዓመታት ፈጅቶ ይማራል። ለጸሎትም ዋጋ አይቆረጥም።

ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ የደረሰው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው “የሕንዳውያን ወንጀሎች” ደንብ የፀሐይ ጭፈራ ተከለከለ፤ የባህል ካህናት ሥራም ወንጀል ሆነ። ቅጣቱ ቀለብ መነፈግና እስራት ነበር። ሽማግሌዎች ተደብቀው ጸለዩ፤ ተደብቀውም አስተማሩ። የእምነት ነፃነታቸውን የሚጠብቅ ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

ሕጉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ትናንት ያሳስር የነበረው ጸሎት የገበያ ዕቃ ሆነ። ከላኮታ ያልተወለደ፣ ከላኮታም ያልተማረ ሁሉ “የላብ ጎጆ” እያለ ትኬት መሸጥ ጀመረ። በ1993 ላኮታዎች በመንፈሳዊነታቸው በሚነግዱ ላይ “ጦርነት” ያወጁበትን መግለጫ አወጡ። ብዙ ሰሚ ግን አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በአሪዞና፣ ሴዶና አቅራቢያ፣ ጄምስ አርተር ሬይ የተባለ የስኬት ሰባኪ ከ50 በላይ ሰዎችን በአንድ ትልቅ የላብ ጎጆ አስገባ። እያንዳንዳቸው ለሱባኤው ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ከፍለዋል። ሦስቱ ሞቱ። ሬይ በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሰውየው ድሩይድ አልነበረም፤ አደጋው ግን ማንኛውንም ተዋሽ ይመለከታል። የጎጆዋ ቅርጽ በአንድ ቀን ይቀዳል፤ ማን መግባት እንደሌለበት፣ በሩ መቼ መከፈት እንዳለበት የሚያውቅ ዓይን ግን በአንድ ቀን አይቀዳም።

“የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። በአየርላንድ፣ በተለይ በሊትሪም አውራጃ፣ ትንንሽ የድንጋይ የላብ ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ገበሬው ውስጡ እሳት አንድዶ ያግለዋል፤ አመዱን ጠርጎ ይገባል፤ ቁርጥማቱን በላብ አውጥቶ አጠገቡ ባለ ጅረት ይነከራል። ይህ ልማድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በሥራ ላይ ነበር። ከጥንት ድሩይዶች ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም፤ የእነዚያው ደሴቶች ሕዝብ ሀብት መሆኑ ግን አያከራክርም።

መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። ከጎረቤቱ ምንም ያልወሰደ ሃይማኖት በታሪክ አይገኝም። ነገር ግን ውሰት ባለቤት አለው፦ ይጠየቃል፣ ይመሰገናል፣ “አይሆንም” ካለም ይከበራል። ከላኮታ መምህር ተምሮና ተፈቅዶለት ጎጆ የሚተክል ሰው አለ፤ ከመጽሐፍ አይቶ የሚተክልም አለ። ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም።

ይህን ከማንም በላይ ሊረዳ የሚገባው ደግሞ ድሩይዱ ነው። የእርሱን ዛፎች የቆረጠው የሮማ ሠራዊት ነው፤ የላኮታን ጸሎት የከለከለው ደግሞ ዋሽንግተን ነው። ቅርሱን በኃያል ክንድ የተነጠቀ ሰው፣ ከሌላ ተነጣቂ ቤት ሳያስፈቅድ ቢወስድ፣ የጠፋውን አልመለሰም። የነጣቂዎቹን ቁጥር በአንድ ጨመረ እንጂ።