የተማሪ አቤቱታ ለማን?

ሕግ ስማር ብዙ በደከምኩበት ትምህርት ላይ ያልጠበቅኩት «ዲ» ተለጠፈብኝ። አቤት ብል ማመልከቻዬ የተመራው ውጤቱን ለሰጡኝ ለእኚያው መምህር ነው። መልሳቸውም «ትክክል ነው» የሚል ብቻ ነበር። ተከሳሹ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም ከልጆቻችን የምሰማው ቅሬታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ የተዛባ ግሬድ ለመባረር ሊያበቃ ይችላል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚተዳደሩት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ነው። ዝርዝሩ በየተቋሙ የሴኔት ሌጅስሌሽን ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲደገፍ ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል።

ስለዚህ ቅሬታ ያለው ተማሪ በቃል ከመማጸን ይልቅ በጽሑፍ ያመልክት። ቅጂውን ያስቀር፤ የገባበትን ቀን ያስመዝግብ። በሌጅስሌሽኑ የተቀመጠው የሪማርክ ጊዜ እንዳያልፍበት ይጠንቀቅ። ምላሹም በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

ፍርድ ቤት የመምህሩን ብዕር ተቀብሎ ፈተና ያርም የሚል የለም። የምለው፣ ወረቀቱን ሌላ ዓይን ይየው ነው። ሌላ አራሚ ያላየው አቤቱታ፣ በእኔ እምነት፣ ገና አልተሰማም።