የኅዳር በሽታና የ2 ቀኑ መድኃኒት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩን ከአቃቂ ልጀምረው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። መንገደኛውም ጭነቱም ከተማ ከመድረሱ በፊት አቃቂን ያልፍ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። በዚያው ሐዲድ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው። ቤተሰብ ሙሉ ይተኛል፣ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል፣ ለሞተው ቀባሪ ይታጣል። አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተረፉ። በኋላ በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ላይ በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው ማለቁን ነግረውናል።

ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? ቆሻሻውን ጠርጎ አነደደ፣ ከተማውን አጠነ። ይኸው ዛሬም ኅዳር 12 ሲደርስ በአቃቂና በቃሊቲ በየደጁ ጭሱ ይትጎለጎላል። ጭሱ ቫይረሱን አይነካውም። ቢሆንም በነዚያ ሰዎች አልፈርድም፤ የሰውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተመራማሪዎች ለይተው ያወቁት ገና በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ኅዳር ሐኪሙም በሽተኛውም ጠላታቸውን አያውቁትም ነበር።

መድኃኒቱ ዘገየ። በ1966 እ.ኤ.አ. አማንታዲን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ቫይረሱ ግን ውሎ አድሮ ለመደውና ዛሬ ለኢንፍሉዌንዛ አይታዘዝም። በ1999 እ.ኤ.አ. በአፍ የሚሳበው ዛናሚቪርና ብዙው ሰው ታሚፍሉ በሚለው ስሙ የሚያውቀው ኦሴልታሚቪር መጡ። አሠራራቸውን ልብ በሉልኝ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ አዲሶቹ ሊወጡ ሲሉ ግን ከሴሉ ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ኒውራሚኒዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው ቆርጦ የሚለቃቸው። መድኃኒቱ ይህን ኢንዛይም ያስረዋል። አንዴ ተራብቶ ሳንባውን ካዳረሰ በኋላ ግን ማሰሩ ብዙም አይረባም። ሐኪሞች ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀመር የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ 2001 ዓ.ም. መጣ። የአሳማ ጉንፋን የተባለው ኤች1ኤን1 በሰኔ ወር አገራችን ውስጥ ተገኘ። ሀብታም መንግሥታት ታሚፍሉን በቢሊዮን በሚቆጠር ገንዘብ ገዝተው በየመጋዘኑ አከማቹ። በዚህ መሀል ኬይጂ ሃያሺ የተባሉ ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ መድኃኒቱ የሳንባ ምችን ይከላከላል የተባለው በየትኛው ጥናት ነው? ቢታይ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች ሙሉ ሆነው አልታተሙም፤ መረጃው በአምራቹ በሮሽ እጅ ነበር። የሕክምና ማስረጃን የሚመረምረው የኮክሬን ቡድን ተመራማሪዎችና የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ለዓመታት ወተወቱ፤ መረጃው እጃቸው ገባና በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ። በአዋቂ ላይ የሕመሙን ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ያሳጥራል፤ ከ1 ቀን ያነሰ ማለት ነው። ሆስፒታል ከመግባት እንደሚያድን በአስተማማኝ አልታየም። ማቅለሽለሽና ማስታወክ ግን ያመጣል። ለእኔ የዚያ ጥያቄ ዋጋ ከክምችቱ ሁሉ ይበልጣል፤ በሽተኛ የሚውጠውን ነገር ልክ የማወቅ መብት አለው።

ስለ ደኅንነቱም ልንገራችሁ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የኦሴልታሚቪር መጠኑ ይቀነስለታል። ጃፓን ውስጥ መድኃኒቱን በወሰዱ ወጣቶች ላይ እንግዳ ጠባይ ታይቶ ብዙ አነጋግሯል፤ ኢንፍሉዌንዛው ራሱም ያቃዣልና ጥፋቱን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ማሳረፍ ከባድ ነው። አስም ያለበት ሰው ዛናሚቪርን ቢስብ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ሌላው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ባሎክሳቪር አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይመከርም።

አሁን ወደ ቃሊቲ መንገድ ተመለሱልኝ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ፋርማሲ ትገባለች። «ዶክተር፣ ጉንፋን ይዞታል፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ትላለች። ልጁ ያተኩሳል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ቤቷ ዳማከሴ ጨምቃ አሽትታዋለች፣ ለራሷም በቡና ጠጥታለች። በዳማከሴው አልከራከርም፤ አሞክሳሲሊኑ ግን ያሳስበኛል። እሱ የባክቴሪያ እንጂ የቫይረስ መድኃኒት አይደለም፤ ያለ ቦታው በተዋጠ ቁጥር ባክቴሪያው ይለምደዋል፣ እውነተኛው የሳንባ ምች የመጣ ቀን መድኃኒቱ ይከዳል። ታሚፍሉም ቢሆን ለጉንፋን ሁሉ አይደለም፤ ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ቫይረሶች ናቸውና አይነካቸውም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ኢንፍሉዌንዛ ሕክምና አዲስ መመሪያ አወጣ። ሕመሙ ላልጠናበት ሰው ኦሴልታሚቪርን አይመክርም። ሕመሙ ባይጠናም ሊከፋበት ለሚችል ሰው ባሎክሳቪርን ይመክራል። በጽኑ ታሞ ሆስፒታል ለገባ ኦሴልታሚቪርን ይፈቅዳል፤ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን አልደበቀም።

እንግዲህ አቃቂ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚዘባርቅ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆት ተመልሶ የባሰበት ሰው ካለ፣ ፋርማሲውን እለፉና ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ሆነ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን አድርሱት። ነፍሰ ጡር ወይም ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ምልክት አትጠብቁ። ስትሄዱም ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ያን ይጠይቃችኋል።