ድልድልና ፍጆታ፤ የአክሰስ ፖይንቶች የኃይል ልኬት ታሪክ

በምሕንድስና ታሪክ መሣሪያው ቀድሞ ሲመጣ መለኪያው ዘግይቶ መከተሉ የተለመደ ነው። ሽቦ አልባው ኔትዎርክም ከዚህ ልማድ አልወጣም። የ802.11 ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ሲጸድቅ፣ ከጣራ ሥር የሚሰቀለው አክሰስ ፖይንት ኃይሉን የሚያገኘው በአቅራቢያው ካለ ሶኬት ስለ ነበረ፣ ፍጆታው ከአምፖሉና ከሌላው ዕቃ ጋር በሕንፃው ቆጣሪ ተደባልቆ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የወጣው የ802.3ኤኤፍ ደረጃ መረጃ በሚተላለፍበት የኢተርኔት ኬብል ኤሌክትሪክም እንዲሄድ ወሰነ። ስዊቹ ከአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ሲሰጥ፣ በኬብሉ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ መሣሪያው እንዲወስድ የተፈቀደለት 12.95 ዋት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው አር ኤፍ ሲ 3621 የተባለው ሰነድ ደግሞ፣ ኤስ ኤን ኤም ፒ በተባለው የኔትዎርክ መቆጣጠሪያ ደንብ አማካይነት ስለ ኃይሉ ከሩቅ ማንበብ የሚቻልበትን ሥርዓት ዘረጋ።

ይሁን እንጂ ሰነዱ ፍጆታን በዋት የሚያሳውቀው ለኃይል ምንጩ በጠቅላላው ብቻ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ፖርት ምድቡን፣ ኃይል መከልከሉንና ከመጠን በላይ መጫኑን ሲናገር፣ የወሰደውን ዋት ግን አይገልጽም ነበር።

ጉድለቱ ቀላል አልነበረም። በደረጃው መሠረት ከ6.49 ዋት በላይ የሚፈልግ መሣሪያ ሁሉ 15.4 ዋት ወደሚደለደልለት ምድብ ይገባል። ለምሳሌ 370 ዋት የተመደበለት፣ በድልድል ብቻ የሚመራ ስዊች ከ24 አክሰስ ፖይንቶች በኋላ 25ኛውን ይከለክላል። እያንዳንዳቸው 8 ዋት ብቻ ቢወስዱ ግን እውነተኛው ፍጆታ፣ በኬብሉ ላይ የሚባክነው ተጨምሮም፣ ከ210 ዋት ብዙ አያልፍም። ኃይል እያለ ኃይል የለም ይባላል ማለት ነው።

መፍትሔው ደረጃ በደረጃ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የ802.3ኤቲ ደረጃ የፖርቱን አቅም ወደ 30 ዋት ሲያሳድግ፣ መሣሪያው የሚፈልገውን መጠን በዐሥረኛ ዋት ልክ ለስዊቹ ማሳወቅ እንዲችልም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣው አር ኤፍ ሲ 7460 የእያንዳንዱን መሣሪያ ኃይልና በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመ ፍጆታ ለይቶ ለማንበብ የሚያስችል ሥርዓት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የጸደቀው 802.3ቢቲ ደግሞ የፖርቱን አቅም እስከ 90 ዋት ከማድረሱም በላይ፣ መሣሪያው ለአጭር ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል ሲወስድ ስዊቹ በልኬቱ መሠረት የሚደለድልበትን ዘዴ ጨመረ።

ሆኖም ቁጥር መገኘቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በየ5 ደቂቃው የሚወሰድ ንባብ በመካከል የሚፈጠረውን የአፍታ ጭነት ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። የመጠባበቂያ ባትሪ የሚመርጥ መሐንዲስ በድልድሉ ድምር ብቻ ቢመራ ገንዘብ ያባክናል፤ በአማካይ ፍጆታው ብቻ ቢመራ ደግሞ መብራት በጠፋና ተጠቃሚው በበዛ ሰዓት ኔትዎርኩ ይወድቅበታል። አማካዩ ባትሪው የሚቆይበትን ሰዓት፣ ከፍተኛው ጭነት ደግሞ ምንጩ ሊኖረው የሚገባውን አቅም ይወስናል። ስለዚህ ሁለቱም ተለክተው ጎን ለጎን ሊመዘገቡ ይገባል።