ከፊንሰን መብራት እስከ ነቀምት ደም ባንክ፦ የደምና የብርሃን ታሪክ ቅኝት

በኢትዮጵያ ከለጋሽ የተወሰደ ደም ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊት በግዴታ የሚመረመረው ለአራት ነገር ነው፦ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ። በነቀምት ደም ባንክም እንዲሁ ነው። ምርመራ ግን የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው፤ ያልተፈለገው ተሕዋስ ከከረጢቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ብርሃን፣ በተለይም ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ቅኝት የዚያን መንገድ ጉዞ ከምንጩ ተነሥቶ እስከ ነቀምትና የወለጋ ከተሞች ድረስ ይከተላል። የኬሚስትሪውን ዝርዝር ለባለሙያዎች ትተን፣ ዘመን ከዘመን እንዴት እንደተያያዘ እንመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብርሃኑ ታሪክ የሚጀምረው በ1801 ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር ከወይን ጠጁ ቀለም ባሻገር የማይታይ ጨረር እንዳለ ያሳየው በዚያ ዓመት ነበር። በ1877 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ዳውንስና ብላንት፣ የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንዳይራባ እንደሚያደርግ አረጋገጡ። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ደግሞ የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1901፣ ካርል ላንድስታይነር በቪየና የደም ዓይነቶችን ለይቶ ነበር። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዘመን ተወለዱ እንጂ ገና አልተገናኙም።

በዚያው ዘመን ዘመናዊ ሕክምና ወደ ወለጋ የገባው በአብዛኛው በሚሲዮናውያን በኩል ነው። በነቀምት ስዊድናውያን፣ በአይራ የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን፣ በጊምቢ አድቬንቲስቶች ሠርተዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢም ከሱዳን ተነሥቶ በ1919 ወደ ሰዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የመጣው የኅዳር በሽታ አገሩን ካጠቃ በኋላ ነበር። እነዚህ ሥፍራዎች ዛሬም የወለጋ ሕክምና ዋና ዋና ማዕከላት መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ መንገዱ፣ ሆስፒታሉና የሕዝቡ ልማድ በእነሱ ዙሪያ ተሠርቷል። ደም ግን ገና የሚቀመጥ ነገር አልሆነም ነበር።

ደምን የሚቀመጥ ያደረገው ሲትሬት የተባለው ጨው ነው። በ1914 ደም እንዳይረጋ ማድረጉ ታወቀ፤ በ1917 ኦስዋልድ ሮበርትሰን በጦር ግንባር የደም ማከማቻ አቋቋመ፤ በ1937 በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ ሆስፒታል «የደም ባንክ» የሚለውን ስም አወጣ። ከዚህ በኋላ ለጋሹና በሽተኛው መተያየት አላስፈለጋቸውም። በርቀትና በጊዜ ተለያዩ፤ በመካከላቸው ያለውን አደጋ የሚጠብቅ ተቋምም የግድ ሆነ።

ደምና ብርሃን መጀመሪያ የተገናኙት በዚህ ወቅት ነው፤ ግንኙነቱ ግን አልሠመረም። በአሜሪካ ኤሜት ኖት የተባለ ሰው የበሽተኛውን ደም ጥቂት በጥቂቱ አውጥቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር እያሳለፈ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ፤ በሰው ላይ የሞከረውም በ1928 ነበር። ዘዴው በ1940ዎቹ ገኖ፣ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቶች ሲመጡና በ1952 የወጣ ጥናት ጥቅም አላገኘሁበትም ሲል ደበዘዘ። የሁለተኛው ውድቀት ጉዳት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ከብዙ ለጋሾች ተቀላቅሎ የደረቀ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደር አድኗል፤ ከአንዱ ለጋሽ የመጣው የጉበት ቫይረስ ግን ሙሉውን ቅልቅል ይበክል ነበር። አልትራቫዮሌት ያጸዳዋል ተብሎ ታመነ። በኮሪያ ጦርነት በጨረር የታከመው ፕላዝማ ሲሰጥ ብዙ ወታደሮች በጉበት በሽታ ወደቁ፤ በ1953 የአሜሪካ ጦር ፕላዝማውን መጠቀም አቆመ። ጨረሩ በደፍራሳ ፈሳሽ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ላይ ላዩን ያለውን ሲመታ ከሥር ያለው ያመልጣል። የኋላው ትውልድ መሣሪያዎች ቅርጽ በሙሉ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ብርሃኑ ከደም ባንክ ራቀ፤ የደም ባንኩ ግን ኢትዮጵያ ገባ። በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 በአዲስ አበባ የደም ባንክ አገልግሎት ጀመረ። አገልግሎቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ ነቀምት ከነዚህ አንዷ ሆነች። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ምርጫው ተገቢ ነበር።

የ1980ዎቹ አስርት ዓመታት ሁሉን ነገር ለወጡ። ኤችአይቪ በደም እንደሚተላለፍ ታወቀ፤ መመርመሪያው በ1985 ወጣ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። ሐኪሞች ያኔ የተረዱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ አዲስ ተሕዋስ ሲመጣ ምርመራው እስኪሠራ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት የተሰጠው ደም ግን አይመለስም። ስለዚህ ተሕዋሱን ስሙ ሳይታወቅ የሚያመክን ዘዴ ተፈለገ። ለፕላዝማ በዚያው አስርት ዓመት የቫይረሱን ቅባታማ ሽፋን የሚያሟሟ የኬሚካል ዘዴ ተገኘ። ኬሚካሉ ግን ሕያው ሕዋስንም ስለሚያፈርስ ደም እንዲረጋ ለሚረዳው ፕሌትሌትና ለቀይ የደም ሕዋስ አልሆነም። ብርሃን እንደገና የተጠራው ለዚህ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ብቻውን አልመጣም።

አጋሩ ከአፍሪካ ነው የመጣው ብል እውነት ነው። በናይል ሸለቆ የሚበቅል አንድ ዕፅ ለለምጽ መድኃኒትነት ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1940ዎቹ ማብቂያ የካይሮው ሐኪም አብደል ሞኒም ኤል ሞፍቲ ከዚህ ዕፅ የሚወጣውን ሶራለን ከብርሃን ጋር አጣምሮ ለምጽን አከመበት። በ1987 ደግሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኤድልሰን ከሰውነት ውጭ በወጣ ደም ላይ ያንኑ ጥምረት ተጠቅሞ የቆዳ ካንሰርን እንዳከመ አሳተመ። ሶራለን በተሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ ገብቶ ይሸጎጣል፤ ጨረሩ ሲያርፍበት ሁለቱን ክሮች እንደ ስፌት ያያይዛቸዋል፤ ተሕዋሱም መባዛት አይችልም። ፕሌትሌትና ቀይ የደም ሕዋስ ግን ለሥራቸው ዲኤንኤ ስለማያስፈልጋቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መላው ዘዴ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት መሣሪያዎች ተከታትለው ወጡ። ኢንተርሴፕት አሞቶሳለን ከተባለ ሰው ሠራሽ ሶራለን ጋር በ2002 ለፕሌትሌት አውሮፓ ውስጥ ተፈቀደ፤ በአሜሪካ በታኅሣሥ 2014። ሚራሶል ሪቦፍላቪንን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 2ን ይዞ በ2007 መጣ። ቴራፍሌክስ ደግሞ ምንም ኬሚካል ሳይጨምር በአጭሩ ሞገድ፣ በ254 ናኖሜትር ጨረር ይሠራል። ሁሉም የ1953ቱን ጥያቄ መልሰዋል። ሚራሶልን ቀረብ ብለን ብናየው፣ ቢጫው የቫይታሚን ውሕድ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ከረጢቱ በመሣሪያው ውስጥ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይተኛል፤ መብራቶቹ ሲበሩ ትሪው ሳያቋርጥ ይናጣል፤ ከሥር የነበረው ወደ ላይ እየመጣ እያንዳንዱ ጠብታ የብርሃን ድርሻውን ያገኛል። መሣሪያው የሚፈለገው የጨረር መጠን ሲሞላ በራሱ ይቆማል። በኢንተርሴፕት ደግሞ መብራቱ የሚሠራው ለደቂቃዎች ቢሆንም፣ የተረፈውን ኬሚካል በሚመጥ ቁስ ለማጣራት ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

ፕሌትሌት የቀደመበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ 35 ቀን ያህል ሲቀመጥ፣ ፕሌትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተናጠ ከ5 ቀን ብዙም አያልፍም፤ በዚያ ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል። ቀይ ሕዋስ ደግሞ ጨረሩን ራሱ ስለሚውጥ ለብርሃን ከባድ ነው።

ዘዴው ከሀብታም አገሮች ቤተ ሙከራ የወጣው በወረርሽኝ ጊዜ ነው። በ2005 እና 2006 ቺኩንጉንያ የሬዩኒየን ደሴትን ሲያጥለቀልቅ በደሴቲቱ ደም መለገስ ተቋርጦ ነበር፤ ፕሌትሌት ግን በኢንተርሴፕት እየታከመ እዚያው መሰብሰቡ ቀጠለ። ስዊዘርላንድ በ2011 ፕሌትሌቷን በሙሉ በዚህ መንገድ ማከም ጀመረች። በጊኒ በኢቦላ ጊዜ ከዳኑ ሰዎች የተወሰደው ፕላዝማም በዚሁ ጨረር ታክሞ ነበር፤ ፕላዝማው የሞት መጠኑን በሚታይ ሁኔታ ባይቀንስም፣ መሣሪያው በአፍሪካ ከተማ ውስጥ መሥራት እንደሚችል ታየ።

ለወለጋ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የኩማሲው ሙከራ ነው። በጋና ኮምፎ አኖክዬ ሆስፒታል 226 በሽተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2016 የታተመው ጥናት፣ ሚራሶልን በሙሉ ደም ላይ ፈተነ። የወባ ተሕዋስ ያለበት ደም ከተሰጣቸውና ራሳቸው ወባ ካልነበረባቸው ሰዎች መካከል፣ ያልታከመ ደም ከወሰዱት 37 ሰዎች 8ቱ ወባ ያዛቸው፤ የታከመውን ከወሰዱት 28 ሰዎች ደግሞ 1 ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ለወባ አገር ከባድ ነው።

በ2012 የኢትዮጵያ ደም ባንክ ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወር፣ በቤተሰብ ምትክ ከሚሰጥ ደም ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሽ የሚደረገው ሽግግር ተፋጠነ። የምክንያቱ አስኳል ደኅንነት ነው፤ በየጊዜው የሚለግስ ፈቃደኛ ታሪኩ ይታወቃል፣ ደሙም ደጋግሞ ይመረመራል። ይህ እርምጃ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ሕይወት ያዳነ ይመስለኛል፤ ተገቢውን ምስጋና ግን አላገኘም። ወባ ግን በፈቃደኝነት አይለይም። ከዴዴሳና ከአንገር ቆላ የመጣ ጤነኛ ለጋሽ ምንም ሳይታመም ተሕዋሱን በደሙ ሊይዝ ይችላል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ፈጣኑ መመርመሪያም ያልፈዋል፤ ማቀዝቀዣውም ወዲያው አይገድለውም። በ2024 ደግሞ ከጥር እስከ ጥቅምት ማጋመሻ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከፍተኛው ድርሻ የኦሮሚያ ነበር፤ ምዕራብ ወለጋና ቄለም ወለጋም ክፉኛ ከተጎዱት ዞኖች መካከል ናቸው። በወባ ደሙ ያለቀ ሕፃን ደም ያስፈልገዋል፤ ደሙን የሚሰጠውም በዚያው የወባ ወቅት የሚኖር ጎረቤቱ ነው።

እስካሁን የሄድንበት ጎዳና ወደ አንድ ጥያቄ ያደርሰናል፤ ለነቀምት የትኛው መሣሪያ ይበጃል? ታላላቆቹ ገበያዎች ያሳደጉት የፕሌትሌት መሣሪያ ነው። ፕሌትሌት ለካንሰር ሕክምናና ለትልልቅ ቀዶ ጥገና ነው በይበልጥ የሚፈለገው፤ የሚዘጋጀውም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው። በወለጋ ሆስፒታሎች ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናትና ለአደጋ ተጎጂ በብዛት የሚሰቀለው ሙሉ ደም ነው። ስለዚህ የሙሉ ደም ብርሃን እንጂ የፕሌትሌት ብርሃን ወለጋን አይነካም። የሙሉ ደም ሕክምና ደግሞ ለእያንዳንዱ ከረጢት ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ለእያንዳንዱ ልገሳ አዲስ የቫይታሚን ውሕድና ልዩ ከረጢት ይፈልጋል፤ ዋናው ወጪም ከማሽኑ ይልቅ በየቀኑ የሚያልቀው ይህ ዕቃ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን በዚያው ከተማ ያሠለጥናል፤ ባለሙያው አለ፣ የሚጎድለው አቅርቦቱ ነው። ኩማሲ ከመለሰችው የወባ ጥያቄ ሰፋ ያለውን፣ ይኸውም የታከመ ሙሉ ደም ከባክቴሪያና ከቫይረስም ጭምር በሽተኛን በገሃድ ይጠብቀው እንደሆነ፣ ካምፓላ ውስጥ የተጀመረ ሌላ ትልቅ የሚራሶል ሙከራ ሊመረምር ተነሥቷል። ለነቀምት ደም ባንክ ከስዊዘርላንድ ተሞክሮ ይልቅ የካምፓላው ውጤት ነው የሚጠቅመው፤ አየሩ፣ ወባውና የከረጢቱ ዓይነት ይቀራረባሉና።