የመጀመሪያ የሩጫ ጫማ አመራረጥ፦ በእንጦጦና በየካ ተራሮች ለሚሮጡ ጀማሪዎች

ከየካ ክፍለ ከተማ በስተሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ የሚደርስ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ለረጅም ርቀት ሯጮች ስመ ጥር የልምምድ ስፍራ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል ከታወቁ አትሌቶች ሌላ ከገጠር ተስፋ ሰንቀው የመጡ ወጣቶችና ለጤናቸው የሚሮጡ የከተማ ነዋሪዎችም ይለማመዳሉ። ለጀማሪ ሯጭ ከሁሉ የሚከብደው ወጪ የጫማ ነው። ከቤተሰብ ጥሪት ተቀንሶ የተገዛ ጫማ እግርን ካቆሰለ ገንዘቡም የልምምድ ጊዜውም አብረው ይባክናሉ። ስለሆነም ከመግዛት በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማስተዋል ይገባል።

ከስም በፊት ልክ

በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በባዶ እግር መሮጥን የለመደ ከመሆኑም በላይ በወቅቱ የቀረበለት ጫማ እንዳልተመቸው ይነገራል። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ተጫምቶ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመ። ጫማ ሯጩን የሚጠቅመው በልኩ ሲሆን ብቻ ነው።

እግር ቀን ሲቆምበትና ሲሄድበት ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ ለሩጫ በሚደረገው ካልሲ ነው። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ የሚመረጠውም ለትልቁ እግር የሚበቃው ነው። ቆመው ሲለኩ በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል የአንድ አውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ክፍተት ከሌለ ጥፍር ይጠቁራል፣ ይነቀላልም። ተረከዝ ግን ከጫማው ሊወጣ አይገባም። የጫማ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ቁጥሩን ብቻ አምኖ መግዛት ያሳስታል።

በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ያደገ ሰው እግሩ ከፊት በኩል ሰፋ ያለ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው እግር ርዝመቱ ልክ የሆነ ጫማ በወርዱ ሊጠብ ስለሚችል ጣቶች ሳይጨናነቁ መዘርጋታቸው መረጋገጥ ይኖርበታል።

ሶሉና መሬቱ

በክረምት የተራራው ሸክላ አፈር ያዳልጣል፤ በበጋ ደግሞ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል። በጫካ ውስጥ ለሚሮጥ ሰው ጥርሱ ጎላ ያለና የተራራቀ ሶል ይስማማዋል፤ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ሳይጠቀጠቅ ይራገፋልና። በአስፋልት ላይ ግን ይህ ጥርስ ቶሎ ያልቃል። በሁለቱም መንገድ የሚሮጥ ጀማሪ መካከለኛ ጥርስ ያለውን ቢመርጥ ይበጀዋል። እጅግ ወፍራምና ለስላሳ ሶል በድንጋያማ መንገድ ስለሚያወላግድ ቁርጭምጭሚትን ለወለምታ ያጋልጣል። ለኳስ ሜዳ የተሠራ ታኬታ ጫማም ለተራራ ሩጫ አይሆንም።

ሰልባጅ ሲገዛ

ሰልባጅ ጫማ በዋጋው ይማርካል፤ ነገር ግን ላዩ ታጥቦ ያማረው ሁሉ ደኅና አይደለም። ጫማው በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከኋላ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ቅርፁን አጥፍቶታል ማለት ነው። የሶሉ ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት ከደረቀ ወይም ጎኑ ተሸብሽቦ ከቀረ ንዝረትን የመቀነስ አቅሙ አልቋል። ጫማው ሲታጠፍ መተጣጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ከመሀሉ የሚታጠፍ ጫማ እግርን አይደግፍም። የሶሉ ማጣበቂያም ዙሪያውን ይፈተሽ።

በተለምዶ አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው አዲስ ጫማውን ከሦስት እስከ አምስት ወር ይጠቀምበታል ማለት ነው። አስቀድሞ የተሮጠበት ሰልባጅ ዕድሜው ከዚህ ያጥራል፤ ዋጋውም በዚሁ መጠን ሊመዘን ይገባል።

አጀማመርና አያያዝ

አዲስ ጫማ በመጀመሪያ በአጭር የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎም በአጭር ሩጫ ይለመዳል። በተለይ ጫማ ያላዘወተረ ሰው ርቀቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂቱ መጨመር አለበት። ከዕረፍት በኋላም የማይለቅ የጉልበት ወይም የተረከዝ ሕመም ካለ ሩጫውን አቁሞ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል።

ጭቃ የነካው ጫማ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። የውስጥ ንጣፉ ወጥቶ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበትና በጥላ ሥር ይደርቃል። ከምድጃ አጠገብ ማድረቅ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ያደርቃል።

ገንዘብ ሲያጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለልኩ ነው፤ ቀጥሎ ለሶሉ ጤንነት፣ ከዚያም ለጥርሱ። ቀለሙና የፋብሪካው ስም በመጨረሻ የሚታዩ ናቸው።